ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር

ጉራቻ ወደ ቤታችን የመጣው በስኳር ጆንያ ተቋጥሮ ነው። አባቴ ከከሚሴ ገበያ ሲመለስ ጆንያውን ግቢው መሃል አስቀምጦ አፉን ሲፈታው መጀመሪያ ብቅ ያለው ጆሮ ነበር፤ ከሰውነቱ ጋር ምንም የማይመጣጠን ትልቅ ጆሮ። ከዚያ እግሮቹ ወጡ። እነሱም ከሌላ ውሻ የተዋሳቸው ይመስሉ ነበር።

«እናቱ የፈረንጅ ዘር ናት» አለ አባቴ ኩራቱን ለመደበቅ እንኳ ሳይሞክር። «ምንተስኖት ነው የሰጠኝ፣ የመንገድ ሥራ ማሽኖቹን የሚጠብቀው ዘበኛ። ስድስት ወር ሳይሞላው ጥጃ ያህልልሃል ብሎኛል።»

ምንተስኖት አልዋሸም። ቡችላው ሲያድግ በዓይን ይታይ ነበር። ማታ ያየሁት ውሻ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። ድፍን ጥቁር ስለነበር ጉራቻ አልነው፤ በኦሮምኛችን ያው ጥቁር ማለት ነው፣ ለስም ብዙ አልተጨነቅንም።

እኛ የምንኖረው ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ከቦርከና ወንዝ ዳር ቤተሰቡን አስከትሎ ይመጣል። ጅቡም ጥጃ ይለምዳል። ስለዚህ ውሻ ለኛ ጌጥ አይደለም፤ ለአባቴ እንደ ማረሻው ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሮጠ የሚቀበለኝ ደግሞ እሱ ብቻ። አሁን ለሰው ሳወራው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ጉራቻን ከአባቴ አስበልጬ እወደው ነበር።

ረቢአ የመጣችው ከጉራቻ አንድ ወር ዘግይታ ነው፤ እሷ ግን በጆንያ ሳይሆን ከባቲ በሚኒባስ። አባቴ «እናትሽ ናት» አለኝ። እኔም አየኋት። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥርሷ የሚያምር፣ ድምጿ ትልቅ፣ ምላሷም የማይተኛ ሴት ነበረች። እናቴ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። እናቴ አይደለችም ብዬ እዚያው ወሰንኩ።

በመጣች በማግስቱ ጠዋት ጉራቻ አፍንጫውን የወተት ቅል ውስጥ ሰካ። ረቢአ «ያ ነጃሳ!» ብላ ጮኸችና ድንጋይ አንስታ ወረወረችበት። ድንጋዩ ዳሌውን አገኘው፣ እያለቀሰ ጎተራው ጀርባ ገባ። ከዚያ ቅሉን ይዛ ቁጭ አለች፣ ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ አንዱን በአፈር። አጥባም አልበቃትም፣ አውጥታ ጣለችው።

ያን ድንጋይ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱን አሁንም አስምሉኝ፣ እምላለሁ።

ውሻ በምራቁ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፦ ይህንን እኛ ሀገር ልጅ ሁሉ ከፊደል በፊት ያውቀዋል። እኔ ጉራቻን ሳቅፍና ሲልሰኝ ውዬ ወደ ቤት ስገባ ሁለት ጊዜ አጠብ አጠብ አደርግና አምስቱን ለአላህ ምሕረት እተወው ነበር። ረቢአ ግን አትተውም። ውሻውን ልትዞረው ስትል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው፣ እሳት የምትዘል ነው የምትመስለው።

ሕመሙ የጀመረው ክረምቱ ሲጋመስ ነው። አንድ ጠዋት ጉራቻ የፊት ቀኝ እግሩን ወደ ላይ ሰብስቦ በሦስት እግሩ እየዘለለ መጣ። አባቴ እሾህ ነው ብሎ በእንጨት መዳፉን ገልብጦ አየው። እሾህ የለም፣ ቁስል የለም፣ እብጠትም የለም። በአራተኛው ቀን ያ እግር መሬት ረገጠ። እሰይ ብዬ ጨፈርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የፊት ግራውን አነሳ።

«ትናንት ቀኙ አልነበር እንዴ?» አለ አባቴ።

«ቀኙ ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ ዛሬ ግራው ምን ሆነ? ይኼ ውሻ ያስመስላል እንዴ?»

ከዚያ የኋላው መጣ። ከኋላው ወደ ፊት ተመለሰ። ሕመሙ ግቢያችን ውስጥ ቤት የሚለዋውጥ ተከራይ ሆነ። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይነሳም፤ ጎተራው ጀርባ ተጋድሞ እያቃሰተ ይውላል፣ የሰጡትን አያነሳም። ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ጭራውን አንዴ መሬት ላይ መታ ያደርግና ያቆማል። የሚያመውን ስነካው ይጮሃል፣ ስተወው ያቃስታል። ምን ላድርግ? ያለኝን ቂጣ ሁሉ አፉ ሥር ደርድሬ አለቅሳለሁ። ጉንዳኖቹ በሉት።

የአባቴ እህት ሀዲጃ፣ አዳዳ ነበር የምንላት፣ አጥሩን ተደግፋ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «ዓይን ነው። ቶሎ ያደገ ነገር ዓይን ይገባዋል።»

አባቴ ስለ ዓይን ክርክር አልገባም። «ማሽላው እሸት እስኪይዝ እጠብቀዋለሁ» አለ። «ያኔም ካልሮጠ ቦርከና ማዶ ወስጄ እተወዋለሁ። የማይሮጥ ውሻ ከርከሮውን በምን ያባርርልኛል? በምርቃት?»

ቦርከና ማዶ መተው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ማዶው የጅብ ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔን ሳያይ ነው። ግን የተናገረውን የሚያደርግ ሰው መሆኑንም አውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እየተነሳሁ ጉራቻን ሳይሆን ማሽላውን ነበር የማየው። ማሽላው ደግሞ እንደዚያ ዓመት ፈጥኖ ያደገበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

አሁን የልጅ ሐሳቤን ልንገራችሁ። በሽታ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው ብዬ ነበር የማስበው። ጥርስ የሚያመው ሰው ጥርሱን ነው የሚያመው፤ ነገ ጆሮው፣ ከነገ ወዲያ ጣቱ አይሆንም። እግር የሚቀያይር በሽታ የለም። እግር የሚቀያይር ዱላ ግን አለ። ሰው ነው የሚመታው፤ አንዱን እግር ሲጠግብ ወደ ሌላው ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጉራቻ በሽተኛ አይደለም ማለት ነው። የሚመታው ሰው ከተገኘ ቦርከና ማዶ መሄድ አይኖርበትም። ሐሳቡ በጣም ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሚመታውን ሰው ፈለግኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሳልፈልገው በፊት ስሙን አውቀው ነበር።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ ገና አጥሩ ጋ ሳለሁ ጉራቻ ከጎተራው ጀርባ ሲጮህ ሰማሁ። አጭር ጩኸት ነው፣ የተመታ ውሻ ጩኸት። እዚያው ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ረቢአ ከጎተራው ጀርባ ወጣች። ግራና ቀኟን አየች። እጆቿን ከቀሚሷ አርቃ፣ ጣቶቿን ዘርግታ እየመጣች ጀሪካኑ ጋ ቁጢጥ አለች። አፈር ዘገነች። እየቆጠርኩ ነበር። ሰባት ጊዜ ታጠበች፣ አንዱን በአፈር።

ውሻ ሲያልፍ ቀሚሷን የምትሰበስብ ሴት ውሻውን ነክታዋለች! የምትጠላውን ነገር ሰው ለምን ይነካል? በማግስቱም እንደዚያው፤ ጩኸት፣ ግራ ቀኝ ማየት፣ ጀሪካን፣ ሰባት ጊዜ። በሦስተኛው ቀንም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የእኔ ልብ ፍርዱን ከጨረሰ ቆይቷል፣ ዓይኔን የሚጠብቀው ለፊርማ ነበር።

ጎተራው ጀርባ ሄጄ አላየሁም። ይህን እዚህ ላይ ልናገረው። ሦስቱንም ቀን አጥሩ ጋ ቆሜ ነው የሰማሁት። ስትመታው ማየት ፈርቼ ነው እል ነበር ለራሴ።

ከዚያ የሬዲዮው ጠዋት መጣ። አባቴ በረንዳው መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና ይሰማል። ረቢአ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ውስጥ ደብተሬን እፈልጋለሁ።

«እጄ ላይ ይጮሃል እኮ» አለችው። «ትንሽ ጫን ስለው ይጮሃል።»

«እህ» አለ አባቴ።

«አጥንቱ ነው። አንጀቴን ነው የሚበላኝ፣ ከማል። እኔ እንጃ…» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ አንድ ነገር አከለች፣ እሱን ሬዲዮው ዋጠው።

«እህ፣ እሺ» አለ አባቴ። ዜናው ስለ ማዳበሪያ ነበር።

እኔ የያዝኩትን ይዤ ወጣሁ። «እጄ ላይ ይጮሃል።» በገዛ አፏ! አንጀቴን ይበላኛል ማለቷን አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ ሰምቼዋለሁ። ግን የሚጠቅመኝ ያኛው ነበር፣ ያኛውን ያዝኩ።

ለአባቴ በቀጥታ መንገር ፈርቼ ለአዳዳ ሀዲጃ ነገርኳት። እሷም ደግሞ የራሷ ነገር ነበራት። ለካ የቅቤ ቅላችን ያለአግባብ ጎድሏል፤ አዳዳ በየሁለት ቀኑ እየመጣች በዓይኗ ስትለካው ነበር የከረመችው። «ቅቤውን ባቲ ለእናቷ እየላከች ነው፣ ውሻውን ደግሞ እየደበደበች ነው። ወንድሜ ምን አገባ!» አለችና ራሷን ያዘች።

ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ በረንዳችን ላይ ተቀመጡ፦ አባቴ፣ አዳዳ ሀዲጃና የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሀመድአሚን። ረቢአ በሩን ተደግፋ ቆመች። እኔን ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ፣ ኮቱ» አሉኝ ሼኩ። ድምፃቸው ሙቅ ነበር። «እንዳትፈሪ። ረቢአ ውሻውን ስትመታው አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«በምን መታችው?»

ይህን ጥያቄ አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ዓይኔ ግቢውን ዞረና የቡና ሙቀጫው ላይ አረፈ። «በዘነዘና» አልኩ።

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ረቢአ «አንቺ ልጅ!» አለች፣ መቆጣት እንኳ ያልደረሰበት ድምፅ ነበር፣ የደነገጠ።

«ወላሂ በይ» አለችኝ አዳዳ።

«ተይ ሀዲጃ፣ ልጅ አታስምሉ…» ሲሉ ሼኩ፣ ሳይጨርሱ እኔ «ወላሂ አይቻለሁ!» ብዬ ጨረስኩላቸው። በጣም ቀላል ነበር። ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም።

ረቢአ አባቴን ብቻ ነበር የምታየው። «አልመታሁትም» አለች። «አሸሁት እንጂ አልመታሁትም። በቅቤ ነው የማሸው። የሚያመውን እግር።»

አዳዳ ሳቀች። «ለውሻ ቅቤ! ሱብሃነላህ! እኛ ለራሳችን እየቆጠብን፣ እሷ ውሻ ትቀባለች!» ሼኩም፣ አላህ ይማራቸውና፣ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ፈገግታቸውን ነበር የሸፈኑት። ድንጋይ የወረወረች ሴት፣ ቅሉን አውጥታ የጣለች ሴት፣ ነጃሳውን በገዛ እጇ በቅቤ ታሻለች ብሎ ማን ያምናል? እኔም ሳቅኩ። ትልቆቹ ከሳቁ ድኛለሁ ማለት ነው።

አባቴ አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ ላይ ፊቱ ሲሳቅ መቀመጥ ከሕመም ይከብደው ነበር፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። «ለጊዜው ቤተሰቦችሽ ጋ ሁኚ» አላት መሬቱን እያየ።

«ከማል፣ ነግሬህ አልነበር?» አለችው።

«ለጊዜው» አለ እንደገና።

በማግስቱ ጠዋት ጥቅሏን ይዛ ወጣች። በጎተራው በኩል ስታልፍ ጉራቻ ከተኛበት ተነሳ፣ የኋላ እግሩን ሰብስቦ እየዘለለ ተከተላት። ጭራው ሲወዛወዝ አየሁት። ዳሌውን ይዞት እስኪዞር ድረስ ነበር የሚያወዛውዘው፤ ለእኔ እንኳ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። የተመታ ውሻ ለመታው ሰው እንዲህ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ምንም መማር አያስፈልግም፣ ዘጠኝ ዓመትም ይበቃል። ፊቴን አዞርኩ።

ረቢአ አጥሩ ጋ ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ዛሬ የኋላ ግራው ነው» አለችኝ። «ዝቅ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

ሄደች። እኔም እየሮጥኩ ለአዳዳ ነገርኳት፦ «የቱን እግር እንደመታች እንኳ ታውቃለች!»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁት የሰው ትዳር ለማፍረስ በቃ። «ለጊዜው» የተባለው ወር አለፈው፣ አባቴ ልኮ አላስመጣትም፣ እሷም ደጅ አልጠናችም። በመጨረሻ ፍቺው በሰው በኩል ተላከላት።

ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ እሷ በሄደች በዘጠነኛው ቀን፣ ጉራቻ የፊት ግራ እግሩን አነሳ።

ጠዋት ነበር። አባቴ ገና ከሶላቱ አልተነሳም። ጎተራው ጀርባ ቆሜ ያነሳውን እግር አየሁ፣ የኋላ ግራውን አየሁ፤ ያኛው መሬት ረግጧል። ረቢአ ባቲ ናት። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ነው። ታዲያ ማን መታው? እንግዲያው በሽታ ነው። እንግዲያው ጉራቻም ቦርከና ማዶ ሊሄድ ነው፣ እኔም በሐሰት ምያለሁ። ውሻዬንም ቃሌንም አንድ ላይ ነበር የማጣው።

ምን አደረግኩ? ደበቅኩት። አባቴ ሲወጣ «እሾህ ወግቶት ነበር፣ አወጣሁለት» አልኩ። አንድ እሾህም ከአጥሩ ቆርጬ አሳየሁት። ሳምንቱን አባቴ ግቢ ውስጥ ሲሆን ጉራቻን አስተኝቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እንዳይነሳ። ሲያቃስት አፉን በእጄ እይዘዋለሁ። እጄ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ቅቤ አልነበረኝም፤ ቅሉን አዳዳ ወስዳዋለች።

ከዚያ ዳነ። እንዲያው በራሱ። ማሽላው እሸት ሲይዝ በአራቱም እግሩ እየረገጠ ይሮጥ ነበር፣ ከርከሮውን ቦርከና ድረስ ሸኝቶ እየተመለሰ። እኔ ልጨፍር ሲገባኝ አልጨፈርኩም። መንደሩ ሁሉ መዳኑን አየና አወራ። «አያችሁ!» አለች አዳዳ ለመጣው ለሄደው ሁሉ። «እሷ ከሄደች ወዲህ እግሩን አንዴ አላነሳም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» ሼህ ሙሀመድአሚን እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺን ዘጠነኛ ቀን የማውቃት እኔና ጉራቻ ብቻ ነበርን። እሱ አይናገርም፤ እኔም ውሻ ሆንኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእንስሳት ጤና ስማር፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የቡችላ አጥንት ሥሎ ስለ አንድ ሕመም አስረዳን። ቶሎ የሚያድጉ ትላልቅ ዘር ቡችሎችን ነው የሚይዘው አለ። ዛሬ አንዱን እግር፣ ነገ ሌላውን። አጥንቱን ጫን ሲሉት ይጮሃል። ቁስል የለውም፣ እብጠት የለውም። ማስታገሻ ስጡት፣ አሳርፉት፣ ሲያድግ በራሱ ይተወዋል። ከዚያ ሳቅ አለና «ብዙ ባለቤት ሰው መታብኝ ብሎ ነው ይዞት የሚመጣው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ እስክሪብቶዬን ፈልጌ ለማንሳት ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ እስኪደወል አልወጣሁም።

በማግስቱ ባቲ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። በሚቀጥለው ዓመትም አልሄድኩም። ለአባቴም አልነገርኩትም። ጉራቻ አርጅቶ በሞተ ቀን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አባቴ እያለቀሰ ስለነበር ዘጋሁት። ከዚያ ሥራ ያዝኩ፣ የሰው በግና የሰው አህያ አክማለሁ፣ ቀኑ ይሄዳል። አባቴ ባለፈው ረመዳን ማግስት ታመመ። ሦስት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ «ፋይዛ፣ ረቢአን ፈልጊያትና አፉ አስብይልኝ፣ ይቅር ትበለኝ» አለኝ። «ክፉ ነገር በውሻ ላይ ሠርታ ይሆናል፤ ግን እኔም ጨከንኩባት።»

ሠርታ ይሆናል አለ። ያኔም አልነገርኩትም። የሚሞት ሰው ላይ ይህን መጫን አልቻልኩም እላለሁ፣ ግን ፈርቼ ነው። እንደዚያው ይዞት ሄደ።

ባቲ ሰኞ ገበያ ቀን ደረስኩ። ረቢአ ሳሙናና ስኳር የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ባልም አላት። ገና ሰላም ሳልላት ፊቴን አየችውና «የከማል ልጅ ነሽ» አለች። ጥርሷ አሁንም ያምራል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ከባቲ መናኸሪያ ጀምሮ ሳጠናው የመጣሁት። አላስጀመረችኝም።

«ያ ውሻ ዳነ?» አለችኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አላወቀችም ነበር። የሚነግራት ማን አለ?

«ዳነ» አልኳት። «አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ፊቷ በራ፣ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ቅቤው ሠርቶለታል። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበር የምንቀረው እኮ፤ ሲያቃስት ሰው ነበር የሚመስለኝ። ወንድሜ ሪድዋን ልጅ ሆኖ እንደዚያው ነበር፣ ዛሬ ጉልበቴን፣ ነገ ቅልጥሜን እያለ ያለቅስ ነበር፤ እናቴ በቅቤ ታሸው ነበር። ውሻ ደግሞ አጥንት የለውም? አስጠልቶኝም ቢሆን አሸሁት። ከዚያ ሰባት ጊዜ እታጠብ ነበር፣ ወይ መከራዬ!» ብላ ሳቀች።

ቅቤ አጥንት አያድንም ብዬ በየገበሬው ደጅ ስናገር የምውል ሰው ነኝ። «አዎ፣ ሠርቶለታል» አልኳት። ወላሂ በይ አላለችኝም፤ አላህ ይስጣት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አጥሩን፣ ዘነዘናውን፣ ዘጠነኛውን ቀን። አፉ በይኝ ብዬ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ላንቺ ያን ዕለቱን ነው አፉ ያልኩት» አለች። «ልጅ ነበርሽ። እናትሽ ሞታብሽ ነበር።»

«ለአባቴም በይልኝ። ሊሞት ሲል አደራ ብሎኛል።»

አንዲት ልጅ ስኳር ልትገዛ መጣች። ረቢአ መዘነችላት፣ ቋጠረችላት፣ መልሷን ሰጠቻት። ልጅቷ እስክትርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት።

«ነግሬው ነበር» አለች። «ያን ጠዋት። እጄ ላይ ይጮሃል፣ ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ነበር፣ በቅቤ እያሸሁት ነው ብዬው ነበር።»

ሬዲዮው የዋጠው ይኸው ነበር።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» አልኳት። እያለቀስኩ ነበር። «እኔ ባልምል ኖሮ አያደርገውም ነበር። እሱ ምን ያውቃል?»

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ፋይዛ። እሱ አርባ። ከተቀመጠበት እስከ ጎተራው ጀርባ ስንት እርምጃ ነው? ሃያ? ተነስቶ ቢያይ እኮ ውሻው እግር ላይ ቅቤ ነበር። ይሸት ነበር።» የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ጠረገች። «ለሱ አፉ አላልኩም። ሲመጣልኝ እላለሁ። እስካሁን አልመጣልኝም።»

«ሌላ ቀን ብመለስስ?»

«ነይ። እንግዳዬ ነሽ፣ ምን ጊዜም ነይ» አለች። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ብላ አንድ ጥቅል ብስኩት እጄ ላይ አስቀምጣ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

በማግስቱ ወደ ድሮው ግቢያችን ሄድኩ። ጎተራው ፈርሷል፤ የቆመባቸው ድንጋዮች ግን አሉ። አባቴ ሬዲዮውን ይዞ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ ተነስቼ፣ ሳልቸኩል፣ ጉራቻ ይተኛበት እስከነበረው ቦታ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ከዚያ እኔ ቆሜ እሰማ ከነበረበት ከአጥሩ ጋ ተነስቼ እንደገና ቆጠርኩ።

ከመደቡ አሥራ ሦስት ነው። ከአጥሩ ዘጠኝ።